ለበረሮ ቀለብ የሚሰፍሩ ሰዎች

አንባቢ ሆይ! ማታ ከወጥ ቤት ገብተህ መብራት ስታበራ አንድ በረሮ ከምድጃው ሥር ወጥቶ ሲሮጥ ብታይ ምን ታደርጋለህ? መቼም ጫማህን ታወልቃለህ እንጂ «ዛሬ ምን በልተህ ዋልህ?» ብለህ እንደማትጠይቀው አውቃለሁ። እኔም ብሆን እንዳንተው ነኝ። ነገር ግን በዚህ ዓለም ላይ ለበረሮ ቀለብ የሚሰፍሩ፣ ካሮት ልጠው የሚከትፉለት፣ ብርድ እንዳይመታው ማሞቂያ የሚያደርጉለት ሰዎች አሉ። አእምሮአቸው የተነካ እንዳይመስልህ። እንደ አንተና እንደ እኔ ተምረው፣ ሥራ ይዘው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ዛሬ የማጫውትህ ስለ እነርሱ ነው። ጨዋታው ግን ለሳቅ ብቻ አይደለም፤ መጨረሻው ወደ አንተም ማዕድ ስለሚመጣ እስከ ዳር አብረኸኝ ዝለቅ።

ነገሩን የሰማሁት ከአንድ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው። ይህ ጓደኛዬ ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄዶ በሚኔሶታ ግዛት ይኖራል። አብሮት በአንድ ክፍል ይኖር የነበረ አሜሪካዊ ተማሪ ትምህርቱን ጨርሶ ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ፣ «ተመልሼ እስክወስዳት ድረስ አደራ!» ብሎ አንዲት ሸረሪት ሰጠው። ሸረሪት ስልህ በጣራችን ጥግ ድሯን የምታደራው ትንሿ ሸረሪት አይደለችም። ይህች ታራንቱላ የምትባለው ናት፤ እግሮቿን ስትዘረጋ የሰው መዳፍ ታህላለች፤ ሰውነቷ ጥቁርና ጠጉራም ሲሆን ጉልበቶቿ ላይ ብርቱካንማ ቀለም አለባት። የትውልድ አገሯ ሜክሲኮ ነው። ከሸረሪቷም ጋር አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ሣጥን ተረከበ። ክዳኑን ቢከፍተው በረሮ! ታናሹና ታላቁ የተደባለቀ ብዙ መቶ በረሮ። የሸረሪቷ ቀለብ ይኸው ነበር።

«የሸረሪቷን አደራ በደስታ ተቀበልሁ» ይላል ጓደኛዬ በጻፈልኝ ደብዳቤ። «የበረሮዎቹን ግን አደራ ብዬ አልቆጠርኳቸውም።» የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

እስቲ በመጀመሪያ ስለ ሸረሪቷ ጥቂት ልንገርህ። ታራንቱላ የሚለው ስም የመጣው በደቡብ ኢጣልያ ካለችው ከታራንቶ ከተማ ነው። በጥንት ጊዜ የዚያ አገር ሰዎች ሸረሪት የነከሰችው ሰው እስኪደክመው ድረስ ካልጨፈረ አይድንም ብለው ያምኑ ነበር። ያች የኢጣልያ ሸረሪት ከሌላ ወገን ናት፤ ስሟን ግን እነዚህ ጠጉራም ትላልቅ ሸረሪቶች ወረሱት። የሜክሲኮዋ ባለ ቀይ ጉልበት ከሁሉም ይልቅ ስለተወደደች፣ ነጋዴዎች ከዱር እየለቀሙ እንዳይጨርሷት በማለት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ንግዷ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ውሏል። ሴቷ በደኅና ከተያዘች 25 ዓመትና ከዚያም በላይ ትኖራለች። እንግዲህ አደራው የአንድ ሰሞን አደራ እንዳልሆነ አስተውል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ሰምተን ላደግን ሰዎች ሸረሪት ሁሉ በድሯ የምታድን ይመስለናል። ታራንቱላ ግን በአየር ላይ ወጥመድ አትዘረጋም። ከጉድጓዷ አፍ ላይ አድፍጣ ትቀመጥና በአጠገቧ የሚያልፈውን ነፍሳት ዘላ ትይዛለች። ከያዘችውም በኋላ እንደ እኛ አላምጣ አትውጥም። የሚያሟሟ ፈሳሽ ታፈስስበትና ሥጋው እንደ ሾርባ ሲሆንላት ትመጠዋለች። ስለዚህ በረሮው በሆዱ የያዘው ነገር ከሾርባው ጋር ይቀላቀላል ማለት ነው። ይህችን ነገር በልብህ ያዛት፤ ኋላ እንመለስባታለን።

አሁን ደግሞ ወደ በረሮው እንምጣ። በዓለም ላይ ከ4,000 የሚበልጥ የበረሮ ዓይነት አለ፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር የሚኖረው 30 ያህሉ ብቻ ነው። የቀሩት በዱር በወደቀ ቅጠልና በበሰበሰ እንጨት ውስጥ የሚኖሩ፣ ሰውን የማያውቁ ፍጥረቶች ናቸው። ለጥቂቶቹ ስንል ዘሩን በሙሉ ረግመነዋል። ለሸረሪት ቀለብ የሚረባው ከእነዚህ ከዱር በረሮዎች አንዱ ሲሆን ስሙ ዱቢያ ይባላል፤ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ርዝመቱ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ወንዱ ሙሉ ክንፍ አለው፤ የሴቷ ክንፍ ግን የተቆረጠ ይመስል አጭር ነው። ልሙጥ የሆነ የመስተዋት ወይም የፕላስቲክ ግድግዳ መውጣት ስለማይችል ከሣጥኑ አያመልጥም። እንደ ፌንጣ እየጮኸ እንቅልፍ አይነሳም፤ በንጽሕና ከተያዘም ሽታው ጥቂት ነው። ሴቷ እንቁላሏን በሆዷ ይዛ ሁለት ወር ያህል ከቆየች በኋላ ከ20 እስከ 40 የሚደርሱ ግልገሎች ትወልዳለች። ግልገሉም ቆዳውን እየቀየረ ከአራት እስከ ስድስት ወር በሚሆን ጊዜ ውስጥ ለአካለ መጠን ይደርሳል።

ቤቱ ቀላል ነው። ሣጥኑ ውስጥ የእንቁላል ካርቶን እየተደረደረ ይቆምለታል፤ በረሮዎቹም በካርቶኑ መካከል ከብርሃን ተሸሽገው ይውላሉ። ካርቶኑ ቆሞ እንጂ ተጋድሞ አይቀመጥም፤ ኩሳቸው ወደ ታች እንዲረግፍና አየር እንዲገባ ነው። ሙቀቱ ከ27 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን በደኅና ይራባሉ፤ ቅዝቃዜ ከበረታ ግን መውለድ ያቆማሉ።

ቀለቡስ? ቀለቡ ሁለት ዓይነት ነው፤ ደረቅና እርጥብ። ደረቁ የተፈጨ አጃ፣ የስንዴ ፉርሽካ ወይም የዶሮ መኖ ሊሆን ይችላል። ይህ በጠፍጣፋ ዕቃ ተደርጎ ዘወትር ከፊታቸው አይታጣም። እርጥቡ ካሮት፣ ዱባ፣ ስኳር ድንች፣ ጎመን፣ ብርቱካንና ፖም ነው። ይህ ደግሞ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በአንድ ቀን ሊጨርሱት በሚችሉት መጠን ይሰጣቸዋል። በማግሥቱ የተረፈው ይነሣል። ለምን ቢባል፣ በሙቀትና በእርጥበት ውስጥ ያደረ ምግብ ይሻግታል፤ ሻጋታም በረሮን ይገድላል። በረሮ ቆሻሻ ወዳድ ነው የሚለው ሐሜት በዚህ ላይ ይፈርሳል። የሚጠጡትን ውኃ ከዚሁ ከእርጥቡ ቀለብ ያገኙታል። በጎድጓዳ ዕቃ ውኃ ብታቀርብላቸው ግን ግልገሎቹ ይሰጥማሉ።

ብዙ ጀማሪዎች «ሥጋ ሥጋ የሚል ምግብ ልስጣቸውና ይወፍሩልኝ» ብለው የውሻ ወይም የድመት ምግብ ይደፉላቸዋል። ይህ ከመጠን ሲያልፍ አይበጅም። በረሮ ከምግቡ የተረፈውን ናይትሮጅን ዩሪክ አሲድ አድርጎ በስቡ ውስጥ ያከማቻል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. የታተመ ምርምር እንዳሳየው፣ በዚሁ በስቡ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የናይትሮጅኑን ውዳቂ መልሰው ለሰውነት ግንባታ ወደሚያገለግል ነገር መለወጥ ይችላሉ። የበረሮ ሰውነት እንዲህ ቁጠባን የሚያውቅ ነው፤ የሥጋ ክምር አያስፈልገውም። በሌላ በኩል ደግሞ ፉርሽካና ቅጠል ብቻ ሰጥተህ ገንቢ ምግብ ፈጽሞ ብትነፍገው እርስ በርሱ ክንፍና እግር መበላላት ይጀምራል። መካከለኛው መንገድ ይሻላል።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። አሜሪካዊው ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ወረቀት ጽፎ ትቶለት ነበር። ጓደኛዬ ግን ስለ ሸረሪቷ የተጻፈውን በቃሉ ሲያጠና፣ ስለ በረሮዎቹ የተጻፈውን አንድ ጊዜ አይቶ አጠፈው። «የሚበሉ ናቸው፤ ምን ቢበሉ ምን አገባኝ?» አለ። ከራሱ ራት የተረፈውን ልጣጭና ቅጠል ሁሉ ሳያጥብ ይጥልላቸው ጀመር። ጥቂት ወራትም ያለ ችግር አለፉ።

አንድ ቅዳሜ ቀን ከገበያ የገዛውን ሰላጣ በልቶ፣ የውጭ የውጩን ቅጠል እንደ ልማዱ ለበረሮዎቹ ጣለላቸው። ለሸረሪቷ ደግሞ እሑድ ማታ ከዚያው ሣጥን አንድ በረሮ አውጥቶ ሰጣት። እርሱም እንደ ወትሮው ልታድን ስትነሣ ለማየት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በረሮው ግን አልሮጠም። ጥቂት ተንገዳገደና በጀርባው ተገልብጦ እግሮቹ ይንቀጠቀጡ ጀመር። ሸረሪቷ የፊት እግሮቿን አንሥታ ቀስ እያለች ትቀርበዋለች። ጓደኛዬ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ገና አልገባውም፤ ነገር ግን ልቡ ደንግጦ ረዥሙን ወረንጦ አነሣና በረሮውን ከእግሮቿ ሥር መንትፎ አወጣው። ከዚያ ሮጦ ሣጥኑን ቢከፍት ግማሹ በጀርባው ተኝቷል። በሁለት ቀን ውስጥ ከብዙ መቶው ያልሞተ አልነበረም ማለት ይቻላል።

አንባቢ ሆይ! የሳይንስ መምህር እንደ መሆኔ ደብዳቤውን ሳነብ በጣም ደስ ያለኝ ቦታ የሚቀጥለው ነው፤ በሌላው ሰው ጉዳት ተደስተሃል ብለህ አትቅየመኝ። ጓደኛዬ በቅርብ የተወለዱትን ግልገሎች ለይቶ በአንድ ትንሽ ዕቃ አስቀምጧቸው ነበር። ዕቃው ከትልቁ ሣጥን ጎን፣ በአንዱ ማሞቂያ ላይ ነበር። ደረቅ ቀለባቸውም አንድ ነበር። ሰላጣው ስላልበቃ ግን ለእነርሱ የደረሳቸው የተላጠ ካሮት ብቻ ነበር። ከእነርሱ አንድም አልሞተም። ስለዚህ ሙቀቱም፣ አየሩም፣ ፉርሽካውም ነጻ ወጡ፤ የቀረው ተከሳሽ ያልታጠበው ሰላጣ ሆነ። ለተባይ መከላከያ የሚረጭ መድኃኒት በውጩ ቅጠል ላይ ቀርቶበት ይሆናል ብሎ ጠረጠረ። ይህን በላቦራቶሪ ባያስመረምረውም፣ ጥርጣሬው ከእውነት የራቀ አይመስለኝም። መድኃኒቱ የተሠራው ነፍሳትን ለመግደል ነውና በረሮ በጥቂቱ ይሞትበታል፤ ብዙዎቹ የነፍሳት መድኃኒቶች ለሸረሪትም አይራሩም። እርሱ ከምሳው ጋር የበላው ሰላጣ ምንም አላደረገውም። ሰው ትልቅ ነው፤ በረሮ ግን ትንሽ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጭንቀት ሌላ ነበር። ሸረሪቷ ምን ትብላ? ክረምቱ ብርቱ ስለ ነበር አዲስ በረሮ ቢያስመጣ በመንገድ ብርድ ይገድለዋል። አንዳንድ ጓደኞቹ «በሕንፃችን ምድር ቤት በረሮ ሞልቷል፤ ከዚያ ይዘህ ስጣት» አሉት። ደግነቱ ያን ጊዜ ያጠፈውን ወረቀት ዘርግቶ አንብቦት ነበርና እሺ አላለም። የቤት በረሮ የት እንደ ዋለና ምን እንደ በላ አይታወቅም፤ ትናንት መርዝ የተረጨበት ጥግ ውስጥ ያደረ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ ሸረሪቷን በባዶ ሆዷ አስቀመጣት። ጤናማ ታራንቱላ ውኃዋ እስካልተቋረጠባት ድረስ ወራት ያህል ሳትበላ መቆየት ትችላለችና፤ ቆዳዋን ልትቀይር ስትልማ ራሷ ምግብ እንቢ ትላለች። ያንጊዜ በሕይወት ያለ በረሮ አጠገቧ መተው ክልክል ነው፤ ቆዳዋን እንደ ጣለች ሰውነቷ ለስላሳ ስለሚሆን አዳኟ በታዳኙ ልትነከስ ትችላለች። ግልገሎቹ አድገው ለምግብ እስኪደርሱ አምስት ሳምንት ጾመች። ጓደኛዬ ግን ከእርሷ ይልቅ እርሱ እንደ ከሳ ይናገራል። «አደራ በላ ልባል ነው እያልሁ እንቅልፍ አጣሁ» ብሎ ጽፏል።

ከዚህ በኋላ ሰውዬው ተለወጠ። ቅጠሉን ያጥባል፤ ልጣጩን ይጥላል፤ የቀለብ ቀኑን በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ያደርጋል። ለሸረሪቷ የሚሰጠውን በረሮ አንድ ሁለት ቀን አስቀድሞ ለይቶ ካሮትና አጃ ያጠግበዋል። «ሸረሪቷን የምመግባት በረሮውን የሰጠኋት ቀን ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የምመግባት ከሁለት ቀን በፊት ኖሯል» ይላል። አየህ አንባቢ ሆይ! የበረሮው ሆድ የሸረሪቷ መሶብ ነው። መሶቡን ንቆ እንግዳውን አከብራለሁ ማለት አይሆንም።

ሁለተኛም ትምህርት አገኘ፤ ይህኛው ለደመወዝተኛ የሚሆን ነው። አንዲት አዋቂ ታራንቱላ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ በረሮ ይበቃታል። ከዚያ ብታበዛላት ሆዷ ያለ ልክ ይነፋና ከጥቂት ከፍታ እንኳ ብትወድቅ ሊፈነዳ ይችላል። እንግዲህ በዓመት ከ26 እስከ 52 በረሮ ማለት ነው። ጥቂት እናቶች ይህን በሚገባ ይሸፍናሉ። ነገር ግን ባለቤቱ ትልቅ ትልቁን እያየ እናቶቹን ቢሰጣት ወላድ ያልቃል፤ የሚቀጥለው ትውልድ እስኪደርስ ደግሞ ስድስት ወር ነው። ስለዚህ ብልኅ አርቢ የሚሰጠው ትርፍ ወንዶቹን ነው። ለአንድ ወንድ ከሦስት እስከ አምስት ሴት ካስቀረ ይበቃዋል። ዋናውን ሳይነካ ወለዱን ይበላል ማለት ነው። የወር መጨረሻ ሳይደርስ ኪሱ የሚራቆት ወዳጄ ይህን ቢያስብበት አይከፋም።

«አንተም በረሮ አርባ» ብዬ ልመክርህ ግን አልተነሣሁም። የውጭ አገር ነፍሳትን ያለ ፈቃድ ማስገባት ተገቢ አይደለም፤ ቢያመልጡ የሚያደርሱትን ማን ያውቃል? ደግሞም የበረሮ ኩስና የወደቀ ቆዳ በትቢያ መልክ ሲተነፈስ አለርጂና አስም ያመጣል፤ የበረሮ አለርጂ ጉዳይ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በሐኪሞች ሲጠና የቆየ ነው። ጓደኛዬ ሣጥኑን የሚያጸዳው አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ጓንት አጥልቆ ነው።

የእኔ ነገር ወዲህ ነው። የተናቀው ምግብ ወደ ተወደደው አካል የሚገባው በሸረሪት ቤት ብቻ አይደለም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የተሰበሰበ 110 የወተት ናሙና መርምሮ ነበር። መጠኑ የተለያየ ይሁን እንጂ በሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ርዝራዥ ተገኘ። መርዙን ላሟ አልፈጠረችውም። የመጣው ከመኖዋ ሲሆን፣ በተለይም የኑግ ፋጉሎ ዋና ምንጭ ሆኖ ተገኝቷል። የሻገተውን ፋጉሎ «ለከብት ነው፤ ምን ይሆናል?» ብሎ የሚሰጥ ሰውና ያልታጠበውን ሰላጣ «ለበረሮ ነው፤ ምን ይሆናል?» ብሎ የጣለ ሰው አንድ ስሕተት ሠርተዋል። ልዩነታቸው በአንደኛው መጨረሻ ላይ ያለችው ሸረሪት ስትሆን፣ በሁለተኛው መጨረሻ ላይ ያለው ሕፃን መሆኑ ነው። ስለዚህ እናትህ ቤት ላም ወይም ዶሮ ካለ፣ ለእረፍት ስትሄድ ወደ ጓዳ ከመግባትህ በፊት መኖው ወደሚቀመጥበት ቦታ ጎራ በል። እርጥበት ነክቶት እንደሆነ፣ ሻግቶም እንደሆነ በዓይንህ እይ።

ጓደኛዬ በመጨረሻው ደብዳቤው፣ አሜሪካዊው በሚመጣው ዓመት ተመልሶ ሸረሪቷን እንደሚወስድ ጽፎልኛል። በረሮዎቹም ተራብተው የቀድሞውን ያህል ሊሆኑ ተቃርበዋል። ለባለቤቱ የሚያስረክበውም ሁለቱንም ቆጥሮ ነው። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ ደብዳቤውን እንዲህ ሲል ዘጋው፤ «ሰዓቴ ደርሷል፤ ካሮት ልልጥ ልነሣ። ደኅና ሁን።»